አሥራ አንደኛው ደቂቃ ላይ የወደቀው ቁልፍ

ማክሰኞ፣ ጥር 6

ደረጃውን ወልውዬ ጨረስኩ። ስልሳ አራት እርከን። ጉልበቴ ሠላሳኛው ላይ እንደ ልማዱ አጉረመረመ። የመጸዳጃ ቤቱ ቧንቧ ዛሬም ያንጠባጥባል፣ ዛሬም ነገርኩ፣ ዛሬም «እሺ» ተባልኩ።

የማታ ትምህርት ቤት አስተማሪዬ «የሚጻፍ ባይኖር እንኳ አንድ መስመር» ብላ አደራ ብላናለች። ይኸው፣ ከአንድም አለፈ።

ደግሞ አንድ ነገር አለ… ጆሮን አዳራሹ ውስጥ ተንበርክኮ አገኘሁት። ጆሮ የምንለው የድምፅ ቀጂውን ነው፤ መላጣ፣ አርባ ያለፈው፣ ጨዋ ሰው። ምን ጠፋብህ አልኩት። ባለፈው ወር የቀዳው ሲምፎኒ ውስጥ «ሲጥ» የምትል ነገር ገብታ ከየት እንደመጣች አጥቷታል። በአፉ አስመሰላት። ሰባተኛ ረድፍ፣ አሥራ አራተኛዋ ወንበር፣ ሰው ሲደገፋት ነው አልኩት። ሄዶ ተደገፋት። ሲጥ።

እንደ ጠንቋይ አየኝ። ምን ጥንቆላ ያስፈልገዋል? ሃያ ስድስት ዓመት አቧራዋን አንስቼ ጠባይዋን ባላውቅ ነበር የሚገርመው።

ሐሙስ፣ ጥር 8

ሥራ አስኪያጇ አስጠራችኝ። ሽቶዋ ከሷ ቀድሞ በር ይከፍታል። ልጄ የምትሆን ሴት «አንቺ» ትለኛለች… ይሁን። ከጽዳት በኋላ በቀን ሁለት ሰዓት ከጆሮ ጋር እየተቀመጥሽ ቅጂውን አዳምጪ አለች። «መጻፍ ትችያለሽ አይደል?» አለችኝ ዓይኗን ከወረቀቷ ሳታነሳ። እችላለሁ አልኩ። ከአምስት ዓመት በፊት ብትጠይቀኝ ኖሮ ምን እል ነበር? ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ሰባት ዓመቴ ነው። ያንን ግን አልጠየቀችም።

ሥራው እንዲህ ነው። ሲምፎኒው ሁለት ምሽት፣ ሰው ባለበት ተቀድቷል። ሰማንያ ደቂቃ የሚፈጅ፣ ከመቶ ዓመት በፊት አንድ ሽማግሌ የጻፈው ነገር ነው። ጆሮ ሲነግረኝ ያ ጊዜ ሮማንቲክ የሚባሉት፣ ስሜታቸውን የማይቆጥቡት ሙዚቀኞች ዘመን ማብቂያ ነበር፤ ሰዎቹ ሲሰናበቱ እንኳ መቶ ሰው መድረክ ላይ አቁመው ነው። ከሁለቱ ምሽቶች አንዱ ተመርጦ በዲስክ ይወጣል። የአንዱ እንከን ከሌላው በተቆረጠ ይጣፋል፣ እንደ ክርን መጣፊያ። እኔ እንከኑ ከየት እንደመጣ እለያለሁ። ሳል ነው? በር ነው? ወንበር ነው? ወይስ ተጫዋች? ወረቀቱ ሦስት ዓምድ አለው። ደቂቃ፣ ምን ተሰማ፣ ከየት።

በመጀመሪያው ምሽት ሆርን የነፋው ወንድሜ ነው። ሆርን ያ እንደ ቀንድ አውጣ የተጠመጠመው የነሐስ መሣሪያ ነው። በሁለተኛው ምሽት ታመምኩ ብሎ ቀረ፣ ተማሪው ነፋ። ወንድሜ መሆኑን የምጽፈው እዚህ ብቻ ነው። በዚህ ቤት አንድም ሰው አያውቅም።

ዓርብ፣ ጥር 9

የጆሮ ክፍል ከኔ የባልዲ መጋዘን ትጠባለች። ግድግዳዋ ስፖንጅ ለብሷል። የጆሮ ማዳመጫውን ሊያጠልቅልኝ ሲል ሻሼ አስቸገረው። «እማማ፣ ይቅርታ» አለ፣ እንደ ሐኪም። ሻሼን ራሴ ፈታሁት።

ሃያ ስድስት ዓመት ኦርኬስትራ የሰማሁት በበር ነው። በር ወፍራሙን ያሳልፋል፣ ቀጭኑን ያስቀራል። ለካ ከወፍራሙ ባስ በላይ ይህ ሁሉ ቫዮሊን ነበረ… ተሰርቄ ኖሬአለሁ ልበል?

የሲምፎኒው አንደኛው ክፍል። በመጀመሪያው ምሽት ከበሮው ትልልቆቹን ባሶች ይውጣቸዋል። ጆሮ ማይክሮፎኑ ቀርቦበት ነው፣ ይስተካከላል አለ። በሁለተኛው ምሽት ሁሉም በየቦታው ነው። ዘጠኝ ሳል ጻፍኩ። ሰዎቹ ሳላቸውን ከቤታቸው ይዘው መጥተው ዝግ የሚልበትን ቦታ ይጠብቃሉ። ነሐሶቹ ሲጮሁ ማን ከለከላቸው?

የትልልቆቹን ባሶች ስም፣ «ኮንትራባስ»ን፣ ሦስት ጊዜ ሰርዤ ጻፍኩ። ጆሮ አይቶ እንዳላየ ሆነ።

ሰኞ፣ ጥር 12

ሁለተኛውና ሦስተኛው ክፍል። ሁለተኛው ጭፈራ ነው፣ ግን የሰከረ ሰው ጭፈራ፤ ደስታው መሐል ላይ ይደናቀፋል። ሦስተኛው ጠብ ነው። በሁለተኛው ምሽት ጠቡን ሁሉም በሥርዓት ይጣላሉ፣ ተራ ጠብቀው። በመጀመሪያው ምሽት ክላርኔቱ ቀድሞ ገባ፣ ቫዮሊኖቹ ተከትለው ተንጋጉ፣ የኦርኬስትራው መሪ እግሩን መድረኩ ላይ ሲመታ ይሰማል። እሱንም ጻፍኩት። «እግር። መሪው።»

ጆሮ የትኛው ይሻላል አለኝ። ሁለተኛው ንጹህ ነው አልኩ። ታዲያ እሱ ይሁና አለ። «ንጹህ ነው አልኩ እንጂ ይሻላል መቼ አልኩ?»

በንጽህና ከኔ ወዲያ ላሣር። ወለል እንከን የማይገኝበት ሰው ሳይረግጠው ነው። የመጀመሪያው ምሽት ሰው የረገጠው ነው። ይህንንም ከወረቀቱ ግርጌ ጻፍኩት። ጆሮ ሳቀ፣ ግን አልሰረዘውም።

ነገ አራተኛው ክፍል ነው። ባይነጋ…

ማክሰኞ፣ ጥር 13

ሰማነው። ነገ እጽፋለሁ።

ረቡዕ፣ ጥር 14

እሺ። ልጻፈው።

አራተኛው ክፍል ዝግ ያለ ነው። ቫዮሊኖቹ እየቀጠኑ፣ እየቀጠኑ ሄደው ክር ይሆናሉ። አሥራ አንደኛው ደቂቃ ላይ ሆርኑ ከዚያ ክር ጫፍ ላይ ብቻውን ይነሳል። በሁለተኛው ምሽት ተማሪው ልክ እንደተጻፈው ነፋው። ምንም አይወጣለትም። ሲያልቅ አንድ ሰው በሁለተኛው ሴኮንድ አጨበጨበ።

በመጀመሪያው ምሽት ክሩ ሲቀጥን… ቅጭል። ብረት ወለል ላይ። ከዚያ ሁለት ሴኮንድ አልቆየም፣ ሆርኑ ገባ፣ ድምፁ ተሰነጠቀ። እንደ ጎረምሳ ድምፅ ለሁለት ተከፈለ። ከዚያ ተነሳ። ከዚያ ወዲያ ያለውን በምን ቃል ልጻፈው? አልችልም። የማውቀው ሲያልቅ ለአሥራ ሦስት ሴኮንድ ያ ሁሉ ሰው አለመተንፈሱን ነው። አንድ ሳል የለም።

ጆሮ አጥብቆ ነገረኝ። ስንጥቋን መጣፍ አይቻልም። መሪው በመጀመሪያው ምሽት ይህን ክፍል በጣም አዝግሞታል፣ ከሁለተኛው የተቆረጠ አይገጥምም። ከሁለቱ አንዱ እንዳለ መውጣት አለበት። ሥራ አስኪያጇ ደግሞ በስንጥቅ መሳቂያ አንሆንም ብላለች።

እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው። ሁለተኛው ምሽት ከወጣ፣ ወንድሜ በዚህ ቤት አርባ ዓመት ነፍቶ ብቻውን የሚሰማበት አንድ ቅጂ አይኖረውም። ከዚያ ምሽት ማግስት መልቀቂያ አስገብቷል። ከንፈሬ አልቋል ብሎ። መጋቢት መጨረሻ ይወጣል።

ጆሮ ከሆርኑ በፊት ያለችው ቅጭል ምንድን ናት አለኝ። ሦስት ጊዜ አሰማኝ።

አላውቅም አልኩ። «ያልታወቀ» ብዬም ጻፍኩ። በገዛ እጄ የጻፍኩት የመጀመሪያ ውሸት።

ቁልፌ ናት። በቀረጻ ምሽት ቁልፍ የያዘ ሁሉ ለዘበኛው ያስረክባል፣ ደንቡ ነው። እኔ አላስረከብኩም። ቁልፎቼ ሃያ ስድስት ዓመት ከወገቤ አልተፈቱም፣ አሁን በእርጅናዬ ማን ያስፈታኛል ብዬ። አራተኛውን ክፍል ሁልጊዜ ከመድረኩ ግራ በር ጀርባ ቆሜ ነው የምሰማው። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። የቁልፍ ቀለበቱ ከሽርጤ ላይ ሾለከ።

ቅዳሜ፣ ጥር 17

ለምን ደበቅሁ? እንጀራዬን ፈርቼ ነው? እሱም አለ። ግን ለራሴ ስጽፍ መዋሸት ምን ይረባኛል…

ወንድሜ ስንጥቋን ይቅመሳት ብዬ ነው።

አባታችን ሲሞት ከሁለታችን አንዳችን ብቻ ትምህርት ቤት ይሂድ ተባለ። እኔ በሦስት ዓመት እበልጠዋለሁ። እሱ ተላከ፣ እኔ ከእናቴ ጋር የሰው ልብስ ላጥብ ቀረሁ። የትምህርት ቤቱ ባንድ ውስጥ ማንም ያልፈለገውን ጥምጥም ነሐስ ሰጡት። ማታ ማታ ይለማመድባታል፣ እኔ ነጩን ሸሚዙን አጥባለሁ። እዚህ ሥራ ሲያስገባኝ ምን አለ? «እዚያ ቤት ባንተዋወቅ ይሻላል፣ ለሁለታችንም።» ለሁለታችንም! እኔን ምን ይሻለኛል?

ቤቴ ሲመጣ «እትዬ» ነኝ። ኮሪደር ላይ «እንደምን አደሩ» ነው፣ እንደ ማንም እንግዳ ሰው። አሁን አሁንማ እሱም ቀርቷል። ሁለት ዓመት ሆነው፣ እኔ እንደምን አደሩ ስለው ጥሎኝ ያልፋል። ሞፕ እንደ ያዘ ግድግዳ።

ታዲያ አንዲት ስንጥቅ ይቅመስ ብል ምን አለበት?

ሰኞ፣ ጥር 19

ጆሮ ምሳ ሲወጣ ብቻዬን ከፈትኩት። የትኛው እንደሚጫን አሳይቶኛል። ከስንጥቋ በኋላ ያለውን አምስት ጊዜ ሰማሁት።

ወንድሜ ስድስት ዓመቱ ሳለ የታጠበ ልብስ ተሸክሞልኝ ሲመጣ ጭቃ ላይ ወደቀ። ከንፈሩ ተተረተረ። ቀና ብሎ ቤቱን አየ፣ እናታችን እንዳትሰማ አላለቀሰም። ልብሱን ለቀመ፣ ተነሳ፣ ሄደ። አካሄዱ ግን… አካሄዱ እንደ ወትሮው አልነበረም። በጣም ቀጥ ብሎ ነበር የሚሄደው።

ሆርኑ ከስንጥቋ በኋላ የሚሄደው እንደዚያ ነው። ያው ልጅ ነው። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ከነበረው ሰው ሁሉ ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

«ያልታወቀ»ን ሰረዝኩ። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «11 ደቂቃ ከ6 ሴኮንድ። ቁልፍ። ከመድረኩ ግራ በር ጀርባ። የጣልኩት እኔ ነኝ። ሆርኑ የደነገጠው በኔ ነው።» ፈረምኩበት። በጣት አሻራ አይደለም።

ማክሰኞ፣ ጥር 20

ደብዳቤ ደረሰኝ። በሕይወቴ በራሴ ዓይን ያነበብኩት የመጀመሪያ ደብዳቤ ማስጠንቀቂያ ሆኖ አረፈው። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «ዳግመኛ ቢከሰት» የሚለውን በደንብ ነው የጻፉት።

ሥራ አስኪያጇ ግን የተቆጣች አትመስልም፣ እንዲያውም ቀለል ብሏታል። ጥፋቱ የጽዳት ሆነ፣ የኦርኬስትራው አልሆነም። የወንድሜን መልቀቂያ ልትመልስለት ነው አለኝ ጆሮ። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ ዲስኮቹን መደርደር ጀመረ። ሊስቅብኝ ይሆን? አልሳቀም።

ረቡዕ፣ ጥር 21

የመጋዘኔ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ወንድሜን። ሃያ ስድስት ዓመት ያችን በር ነክቷት አያውቅም። ገባና በዚያ ጥቁር ሱፉ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠ። ሊቆጣ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ፣ መልሱንም አሰናዳሁ።

«እትዬ» አለኝ። «ቁልፍሽን አልሰማሁትም።»

ሊያጽናናኝ መሰለኝ። እንዴት አትሰማም፣ አጠገብህ፣ በግራህ በኩል ነው የወደቀው አልኩት።

«በግራዬ ነዋ።»

 ቀኝ ጆሮውን ወደኔ አዙሮ መቀመጡን ያኔ ነው ያየሁት።

ግራ ጆሮው ከደነቆረ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ቀኙም እየተከተለ ነው። ለማንም አልተናገረም፣ በነጋታው ያሰናብቱኛል ብሎ። ሆርን የሚነፋ ሰው ከመግባቱ በፊት የቫዮሊኖቹን ክር ይዞ ነው ድምፁን የሚያገኘው አለኝ። በዚያ ምሽት ክሩ ጠፋበት። የመሪውን እጅ ቆጥሮ ብቻ ገባ፣ ጨለማ ውስጥ ደረጃ እንደሚወርድ ሰው። አንድ እርከን ተሳሳተ። በኔ አልደነገጠም። የሚያስደነግጠው ድምፅ እንኳ አልደረሰውም።

ኮሪደሩ ውስጥ ግድግዳውን ይዤ ስወለውል በየትኛው ጎኑ ነው የሚያልፈኝ? በግራው። ሁልጊዜ በግራው… ሁለት ዓመት ሙሉ እቤቴ ገብቼ የተንገበገብኩት በምን ነበር?

ትናንት ሥራ አስኪያጇ መልቀቂያውን መልሳለታለች። ጥፋቱ ያንቺ ሆነ፣ ዝም ብል ሁለት ዓመት እቆያለሁ አለ። ሊጠይቀኝ ነው የመጣው? እንጃ።

«ታዲያ ዝም በላ» አልኩት።

ከአፌ ሲወጣ ራሴን ታዘብኩ። እስከ መቼ ነው እኔ የምሸከምለት?

ባልዲው ላይ እንደተቀመጠ እጁን አየ። «ሸሚዜን አጠብሽ። ወለሌን ወለወልሽ። ይህችን ግን አትወስጂልኝም።»

ተነሥቶ ሱሪውን አራገፈ። አርጥቦታል። ባልዲው ደረቅ ነው ብሎ ማን ነገረው?

ዓርብ፣ ጥር 23

ጆሮ ነው የነገረኝ። ወንድሜ ትናንት ሥራ አስኪያጇና መሪው ባሉበት ገብቶ ስለ ጆሮው አንድ በአንድ ተናገረ። ሥራ አስኪያጇ «ታዲያ የጽዳት ሠራተኛዋ ለምን ‹ሆርኑ በኔ ደነገጠ› ብላ ጻፈች? ምን ቤት ነች?» አለች።

«እህቴ ናት። ታላቄ» አላት።

ጆሮ ይህን ሲነግረኝ ፊቴን ያይ ነበር። ምን ሊያገኝ? በሃያ ስድስት ዓመቱ… አሁን መሬት ተከፍታ ዋጠችው? ማን ሞተ? እንዲህ ቀላል ኖሯል።

ባልዲውን በሙቅ ውሃ ሞላሁ፣ ሳሙናውን በጠበጥኩ፣ ሳልወለውልበት ደፋሁት። እንደገና ሞላሁ።

ከሰዓት በኋላ ዘበኛው «እትዬ» አለኝ። ወሬ እንዴት ይሮጣል!

ሰኞ፣ የካቲት 3

ተወሰነ። የመጀመሪያው ምሽት ነው የሚወጣው። ከነስንጥቋ።

ጆሮ ለሥራ አስኪያጇና ለመሪው ሁለቱንም ምሽት አሰምቷቸው ወረቀቴን አነበበላቸው። አሥራ ሦስቱን ሴኮንድ፣ የመሪውን እግር፣ «ሰው የረገጠው ነው» የሚለውንም ሳይቀር። መሪው ማን ነው የጻፈው አለ። ነገሩት። «ልክ ናት» አለ። ያ አፍ ስለኔ ሲናገር የመጀመሪያው ነው፣ ሁለት ቃል። ሥራ አስኪያጇ ስንጥቋን ያነሳ ሰው ቢኖር ለመሪው ይንገረው ብላ ፈረመች። ከራሷ ማውረዷ ነው። ግን ፈረመች።

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤዬ አልተነሳም። አላስነሳሁትም። ቁልፉን ማን ጣለው? እኔ። ይኑር።

ወንድሜ መልቀቂያውን መልሶ አስገባ። አሁን ምክንያቱን ጽፎበታል።

ጆሮ ሊጨርስ ሲል ጠየቀኝ። ቅጭሏ ብቻዋን ስለቆመች ልትጠፋ ትችላለች፤ ላጥፋት ወይስ ላቆይልዎት አለ፤ አንድ የእርስዎ ምልክት ትኑር ብሎ። ደግ ሰው ነው። ትንሽ አሰብኩ። ዋሽቼ ምን አደርጋለሁ፣ ትንሽ ሳይሆን ብዙ አሰብኩ። በዚህ ቤት ከኔ የቀረ ነገር የለም፤ የወለወልኩት ሁሉ በማግሥቱ ይረገጣል።

«አጥፋት» አልኩት። «እሷ ቆሻሻ ናት። ስንጥቋን ግን እንዳትነካ፣ እሷ ቆሻሻ አይደለችም።»

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

ቧንቧው ተሠራ። ሰባት ወር።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 2

ዛሬ እረፍቴ ነው። ወንድሜ ዲስኩን ይዞ ቤቴ መጣ። ከሥራ ከወጣ ሦስት ቀኑ ነው፤ ፀጉሩን ተቆርጧል፣ አንገቱ ቀጥኗል። ጆሮ አሮጌ ማጫወቻ ሰጥቶኛል፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥነው።

አሁን ሁልጊዜ በቀኙ ነው የምቀመጠው።

አራተኛውን ክፍል ብቻ እንስማ አለ። መዳፉን የድምፅ ማጉያው ላይ አሳረፈ፣ ዝቅ ያለው በእጁ ይሰማዋል። ቀጭኑን አንቺ ንገሪኝ አለኝ። በር ነው እንግዲህ አሁን፣ እሱ ከውጭ፣ እኔ ከውስጥ። ነገርኩት። ቫዮሊኖቹ ቀጠኑ… አሁን ጥቂት ናቸው… አሁን ክር ብቻ… ይዣታለሁ፣ አልጠፋችም።

አሥራ አንደኛው ደቂቃ ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝ።

«ቁልፍሽ አለ?»

«የለም» አልኩት። «አንተ ግን አለህ።»

ገባ። ተሰነጠቀ። ወንድሜ ዓይኑን ጨፈነ። ሆርኑ ተነሥቶ ሄደ፣ ያ ልጅ፣ ቀጥ ብሎ። እስኪያልቅ አንዳችንም አልተንቀሳቀስንም።

ከዚያ ያ ዝምታ መጣ። ከማጉያው ላይ እጁን አነሳ፣ አለቀ ብሎ። ገና ነው አልኩትና እጁን መለስኩለት። ሰዎቹ ገና ትንፋሻቸውን አልለቀቁም። በጣቴ ጉልበቱ ላይ ቆጠርኩለት። አሥራ ሦስት።